ትኩሳቱ ስም እስኪያገኝ
ከአርባ ምንጩ ቢጫ ወባ እስከ ፈጣን የላቦራቶሪ ምርመራ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ፣ አንድ ሕፃን ሌሊቱን በትኩሳት ሲነድ ካደረ ከቤተሰቡ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ወባ ነው» የሚል ነው። ከተማዋ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ቆላ ላይ የተቀመጠች ናትና ግምቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሕፃኑ ዓይን ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ገብታ «ወፍ መትቶት ነው» ትላለች። ሽፍታ ከወጣበት «ኩፍኝ ነው» ይባላል። ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሕመሙ ሦስት ስም አግኝቷል። ከሦስቱ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ ግን በቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ምናልባትም ሦስቱም አይደሉም።

ውድ አንባቢያን! የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው የበሽታ ስም ነው። የሰው ልጅ ሕፃናትን የሚያጠቁ የቫይረስ በሽታዎችን እርስ በርሳቸው ለይቶ ለማወቅ ስንት ዘመን ደከመ? የላቦራቶሪው መልስ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት፣ ከሰዓታትም ወደ ደቂቃዎች እንዴት አጠረ? ይህስ ለጋሞና ለአካባቢው ልጆች ምን ማለት ነው? ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። (ከሂጅራው በስተቀር ያለ ሌላ ምልክት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማረጋገጥ የታዘዝንበት ጉዳይ ነው

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ቢመጣን እንድናረጋግጥ ያዘናል። ምክንያቱም ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ በሠራነው እንዳንጸጸት ነው። ዑለማእ ይህን አንቀጽ የሚጠቅሱት በወሬና በምስክርነት ጉዳይ ነው። በውስጡ ያለው ጥበብ ግን ለታመመ ልጅ ወላጅም ትምህርት ይሰጣል። ሳይረጋገጥ በተሰጠ የበሽታ ስም ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት የሚያጠጣ ሰው ልጁን ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል፤ ጸጸቱም የሚመጣው ኋላ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ አስተምረውናል። በሌላ ዘገባም መድኃኒቱን ያወቀ እንደሚያውቀው፣ ያላወቀውም እንደማያውቀው ተመልክቷል። እንግዲህ በበሽታውና በመድኃኒቱ መካከል ያለው ድልድይ ዕውቀት ነው ማለት ነው። የዚህ ድልድይ የመጀመሪያው ደረጃ በሽታውን ለይቶ ማወቅ ነው።

አር-ራዚ፦ ኩፍኝና ፈንጣጣን የለየ ሐኪም

በዚህ መንገድ ቀድመው ከተራመዱት አንዱ አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ ነበር። በ9ኛው ምዕተ ዓመት በረይ ከተማ ተወልዶ በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመራ ሐኪም ነው። በዘመኑ ልጆችን እየቀሰፉ ከሚያልፉት በሽታዎች ሁለቱ ፈንጣጣና ኩፍኝ ነበሩ። ሁለቱም በትኩሳት ይጀምራሉ፤ ሁለቱም ቆዳ ላይ ይወጣሉ። አር-ራዚ «ኪታቡል ጁደሪ ወል ሐስባ» በሚባለው ድርሰቱ ሁለቱን በምልክታቸው ለያቸው። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ደግሞ በኩፍኝ እንደሚያይል ጻፈ። የሕመሙን ምንጭ በዘመኑ አስተሳሰብ የደም መፍላት ነው ብሎ ቢያስረዳም፣ ሕመምተኛውን ቀርቦ አይቶ የመለየት ዘዴው ከዘመኑ እጅግ የቀደመ ነበር። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ሲነበብ ኖሯል፤ በእንግሊዝኛም በ1848 ታትሟል።

ይሁን እንጂ የአር-ራዚ መሣሪያ ዓይንና እጅ፣ ጆሮና አእምሮ ብቻ ነበር። ቫይረስ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ነው። ሽፍታ የማያወጣ፣ ትኩሳት ብቻ የሚያሳይ ቫይረስ ሲመጣ የትኛውም ሐኪም በዓይኑ ሊለየው አይችልም። ይህ ችግር በአገራችን ደቡብ ምን እንዳስከተለ ቀጥለን እናያለን።

ከኦሞ ሸለቆ እስከ አርባ ምንጭ

ከ1960 እስከ 1962 ድረስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዴዴሳ ወንዞች ተፋሰስ፣ ታላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ወረርሽኙ በደረሰበት አካባቢ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር። ከዚህ ውስጥ 100 ሺህ ያህል ሰው እንደታመመና 30 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ እጅግ ከከፉት የሚቆጠር ነው።

ወረርሽኙ ሲያልፍ ጉዳዩ ያበቃ መስሎ ነበር። አላበቃም። በ1966፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1958 እና በ1959 ዓ.ም. አካባቢ፣ በሽታው ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ በአርባ ምንጭ አካባቢ ታየ። አካባቢው በፊተኛው ወረርሽኝ ያልተነካ፣ የጅምላ ክትባትም ያልደረሰው ነበር። 2,200 ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 450 ያህሉ ሞቱ። አርባ ምንጭ በዚያን ጊዜ ከጨንቻ ደጋ የወረደውን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ገና የተረከበች አዲስ ከተማ ነበረች።

የበሽታው አመጣጥ ለደቡብ ሰው እንግዳ በማይሆን ነገር ውስጥ የተሰወረ ነው። ቫይረሱ በጫካ ውስጥ በዝንጀሮዎችና በጉሬዛዎች ዘንድ ይኖራል። ከእነርሱ ወደ ሰው የሚያሻግረው ትንኝ ነው። የኢትዮጵያው ወረርሽኝ ዋነኛ አስተላላፊ ሆኖ የተገኘው ኤደስ ሲምፕሶኒ የተባለው ትንኝ ሲሆን፣ የሚራባው በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ጥቂት የዝናብ ውኃ ነው። ልብ በሉ! ቤተሰቡን የሚመግበው እንሰት፣ ልጆች በጥላው ሥር የሚጫወቱበት የጓሮ ተክል፣ በቅጠሉ ብብት ትንኙን ያሳድጋል። ቤት አጠገብ ያለ ሁሉ፣ ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ለንክሻ የተጋለጠ ነው።

ስሙስ ለምን ዘገየ?

የአማርኛው ስም ራሱ ያሳስታል። «ቢጫ ወባ» እንላለን እንጂ በሽታው ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ወባ በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ፣ መድኃኒትም ያለው በሽታ ነው። ቢጫ ወባ ግን ቫይረስ ነው፤ እስከ ዛሬም ቫይረሱን ለይቶ የሚገድል የተረጋገጠ መድኃኒት አልተገኘለትም። ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመምና ትውከት ስለሆነ ከወባ፣ ከታይፎይድ፣ ከሚያገረሽ ትኩሳትና ከጉበት ብግነት ጋር ይምታታል። አብዛኛው ሕመምተኛ በሦስትና በአራት ቀን ይሻለዋል። ከጥቂቶቹ ላይ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፤ ደም ይፈስሳል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ።

ታዲያ በ1960ዎቹ ይህን በሽታ በእርግጠኝነት ለማወቅ ምን ያስፈልግ ነበር? ከታማሚው የተወሰደው ደም ገና ጡት ለሚጠቡ የአይጥ ግልገሎች አንጎል ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያም ግልገሎቹ ታምመው እስኪታዩ ይጠበቃል። ሁለተኛው መንገድ ከአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ደም መውሰድ ነበር፤ አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ። ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ-አካል በሁለተኛው ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ከተገኘ በሽታው ታወቀ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በአዲስ አበባ ነው፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ቅጥር ግቢ በነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት። ከአርባ ምንጭ እስከዚያ ያለው መንገድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ናሙናው በበረዶ ካልተጠበቀ በሙቀት ይበላሻል።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ከሟች ጉበት ቁራጭ ወስዶ በማጉያ መነጽር ማየት ነበር። በ1930ዎቹ በብራዚል ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ ተበጅቶ በስፋት ይሠራበት ነበር፤ የሟች ቤተሰቦችም ክፉኛ ይቃወሙት እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። እኛ ሙስሊሞች ይህን ስሜት እንረዳዋለን። የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን እንደመስበር መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና። ያም ሆኖ የሕክምና ሊቃውንቱ ለጭካኔ አልነበረም ይህን የሚያደርጉት። ሌላ ፈጣን መንገድ ስላልነበራቸው ነው። ከሕያዋን የሚወሰደው ደም መልስ እስኪሰጥ ሳምንታት ያልፋሉ።

የመዘግየቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ለቢጫ ወባ መድኃኒት ባይኖርም ክትባት ነበረ። ማክስ ታይለር በ1937 ይፋ ያደረገውና በ1951 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ክትባት በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ይሠራበት ነበር። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው በ10 ቀን ገደማ መከላከያ ያገኛል። እንግዲህ የበሽታው ስም በአንደኛው ሳምንት ከታወቀ የጎረቤት ልጆች ይተርፋሉ፤ በስድስተኛው ሳምንት ከታወቀ ግን ብዙዎቹ ተቀብረዋል። የላቦራቶሪ ፍጥነት ለታመመው ልጅ ብቻ ሳይሆን ገና ላልታመመውም ነው።

ከሳምንታት ወደ ሰዓታት

አርባ ምንጭ በዚህ ስትጨነቅ በሌላው ዓለም አዲስ ነገር እየተፈጠረ ነበር። አልበርት ኩንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1941 ፀረ-አካልን ከሚያበራ ቀለም ጋር የማጣበቅ ዘዴ አስተዋውቆ ነበር። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ፊሊፕ ጋርድነርና ጆይስ ማክዊሊን ይህንኑ ዘዴ ለታመሙ ሕፃናት አዋሉት። ከሕፃኑ አፍንጫ የተወሰደ ንፍጥ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ የሚያበራ ፀረ-አካል ይጨመርበታል። ቫይረሱ ካለ በልዩ ማጉያ መነጽር ሥር እያበራ ይታያል። የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃውንና አር.ኤስ.ቪ. የሚባለውን ቫይረስ በዚህ መንገድ በሰዓታት ውስጥ መለየት እንደሚቻል ያሳተሙት በ1968 ነው። ከአርባ ምንጩ ወረርሽኝ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ገና አልጋ ላይ ሳለ መልሱ ለሐኪሙ መድረስ ቻለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነበር። በ1971 በስቶክሆልም ኢንግቫልና ፐርልማን ኤላይዛ የተባለውን ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ዘዴ ፀረ-አካል ከኢንዛይም ጋር ተጣብቆ፣ የሚፈለገው ነገር ካለ ፈሳሹ ቀለም ይለውጣል፤ ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ ይመረመራል። በ1973 በሜልቦርን ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ በተቅማጥ ከታመሙ ልጆች አንጀት ውስጥ ሮታቫይረስን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ፤ ብዙ ሳይቆይም ይህን ቫይረስ በሰገራ ናሙና የሚለዩ ቀላል ምርመራዎች ተሠሩ። አገራችን የሮታቫይረስን ክትባት በ2013 ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር አዳብላለች። በ1975 ኮለርና ሚልስታይን አንድ ዓይነት ፀረ-አካል ብቻ የሚያመርቱ ሕዋሳትን ማሳደግ ቻሉ፤ ይህም ምርመራዎቹን ስል አደረጋቸው።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየው፣ ጠብታ ተጨምሮበት በ15 ወይም በ20 ደቂቃ መስመር የሚያሳየው ትንሽ ፕላስቲክ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነው። ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ እየተሳበ ሲሄድ፣ የሚፈለገው ነገር በመንገድ ላይ ከተቀመጠው ፀረ-አካል ጋር ከተገናኘ መስመሩ ይቀላል። አንደኛው መስመር ምርመራው በትክክል መሥራቱን ይመሰክራል፤ ሁለተኛው መልሱን ይነግራል።

ሌላው ታላቅ እርምጃ ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ፒ.ሲ.አር. ነው። ይህ ዘዴ የቫይረሱን የዘር ጽሑፍ ቅንጣት ይዞ በተደጋጋሚ በማሞቅና በማቀዝቀዝ ያባዛዋል፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ ሚሊዮን ይደርሳል። በናሙናው ውስጥ እጅግ ጥቂት ቫይረስ ቢኖር እንኳ አይሰወርም።

የእናት ፀረ-አካልና የሕፃኑ ደም

የፒ.ሲ.አር. ጥቅም ለሕፃናት ልዩ መሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳናል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ እናት የምትወልደው ልጅ ቫይረሱ ባይተላለፍበትም የእናቱን ፀረ-አካል ይዞ ይወለዳል። ይህ ፀረ-አካል እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለአዋቂ የሚያገለግለው የፀረ-አካል ምርመራ ለሕፃኑ የእናቱን ታሪክ ይናገራል እንጂ የራሱን አይናገርም። 18 ወር መጠበቅ ደግሞ አይቻልም፤ ቫይረሱ የያዛቸውና ሕክምና ያላገኙ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉና።

መፍትሔው ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም ወስዶ በልዩ ወረቀት ላይ ማድረቅና ቫይረሱን ራሱን በፒ.ሲ.አር. መፈለግ ሆነ። የደረቀው ደም በረዶ አይፈልግም፤ ከገጠር ጤና ጣቢያ በፖስታ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ልጁ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ተመርምሮ ሕክምናውን በጊዜ ይጀምራል። ከደጋ ቀበሌ ልጇን አዝላ ለምትወርድ የጋሞ እናት ይህች ወረቀት ቀላል ነገር አይደለችም።

በአገራችን ርቀቱ እንዴት አጠረ?

ከአርባ ምንጩ ወረርሽኝ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቢጫ ወባ በአጎራባቹ በደቡብ ኦሞ እንደገና ታየ። ናሙናው ሴኔጋል ዳካር ወደሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ተልኮ በ2013 ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ከ500 ሺህ በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ግን ባሕር ማዶ ደርሶ የመጣ ነበር።

በ2020 መጀመሪያም ኮቪድ-19 ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር። በየካቲት ወር ግን ያ የቀድሞው «ፓስተር»፣ ስሙ ደጋግሞ ተለውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም፣ ምርመራውን በራሱ መሥራት ጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት በጉራጌ ዞን ቢጫ ወባ ሲጠረጠር የመጀመሪያው የፒ.ሲ.አር. ምርመራ የተሠራው እዚሁ አገር ውስጥ ነው።

በ2025 ኅዳር ላይ ደግሞ ከአርባ ምንጭ ብዙም በማይርቀው በጂንካ ማርበርግ የተባለው አደገኛ ቫይረስ ተጠረጠረ። ጥርጣሬው በኅዳር 12 ለዓለም ጤና ድርጅት ተነገረ፤ የአገር ውስጡ ላቦራቶሪ መልስ በኅዳር 14 ይፋ ሆነ። ሁለት ቀን! ሱብሃነላህ፤ ስድሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጥያቄ በሁለት ቀን ተመለሰ። ሆኖም ሕመሙ ከጥርጣሬው አስቀድሞ ጀምሮ ነበር። ላቦራቶሪው የፈለገውን ያህል ቢፈጥን ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ሕመምተኛው ጤና ተቋም ከደረሰ በኋላ ነው።

የቀረው ርቀት በእኛ እጅ ነው

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መነሳቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁ። ከዚያም ላለመግባት ወሰኑ። ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ሲባሉ ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱ። ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አለመግባትን፣ ከዚያም ሸሽቶ አለመውጣትን የሚያስተምረውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመሰገኑ። ወሬው በጊዜ ባይደርስ፣ ሰምተውም ባይጠይቁ ኖሮ ሠራዊቱ ወደ ሞት ይገባ ነበር።

የእኛም ድርሻ ይህን ይመስላል። የልጁ ትኩሳት በጀመረበት ቀን ጤና ተቋም እንውሰደው፤ ናሙና የሚገኘው፣ መልሱም የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ልጁ የተከተበውን፣ በአካባቢው የታመመ ሌላ ሰው መኖሩን በትክክል እንናገር። የወባ ምርመራ ነጻ ሲያሳይ «ምንም የለበትም» ብለን አንመለስ፤ ወባ አለመሆኑን ነገረን እንጂ ሌላ በሽታ አለመኖሩን አልነገረንም። ፈጣን ምርመራም አንዳንዴ ሊስት ስለሚችል ሐኪሙ ድገሙ ካለ እንድገም። ቫይረስ መሆኑ ሲታወቅ አንቲባዮቲክ ካልታዘዘ ብለን ከሐኪም ጋር አንጣላ፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ለልጅ ትኩሳት አስፕሪን አንስጥ፤ በቫይረስ በታመመ ልጅ ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል።

ከልጄ ደም አይወሰድም የሚሉ ወላጆች አሉ። ርኅራኄያቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ትናንት ከሟች ጉበት ይፈለግ የነበረው መልስ ዛሬ ከሕያው ልጅ በተወሰደ ጠብታ ደም መገኘቱ የአላህ ጸጋ መሆኑን እናስታውስ። ያቺ ጠብታ ልጃችንን ታድናለች፤ እርሱ ባይድንም እንኳ የጎረቤቱን ልጅ ታድን ይሆናል። አንዲትን ነፍስ ያዳነ የሰው ልጆችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን በሱረቱል ማኢዳህ ተምረናልና።

በ1966 በአርባ ምንጭ አካባቢ የሞቱት የበሽታቸው ስም በጊዜ አልተደረሰላቸውም። የእኛ ልጆች ስሙን የሚያገኝ መሣሪያ ባለበት ዘመን ተወልደዋል። ከዚያ መሣሪያ እስከ ቤታችን በር ያለችውን አጭር መንገድ የመሄድ አደራ የወላጅ ነው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ የታመሙትን ይማርልን፣ ያለፉትን ይዘንላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።